የሚዞረው ደመራ

ወንድሜ ያን ደመራ የሠራው ስምንት ወር ሙሉ ከጓዳ ሳይወጣ በከረመበት ዓመት ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ወጣት ስሙ ይጠራል፤ ተጠርቶ ያልቀረበ በአፈሳ ይያዛል። ወንድሜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናታችን "ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ አልሰጥም" አለች፣ በቃ። ለጠየቀ ሁሉ "ሐሙሲት ከተማ፣ አክስቱ ዘንድ ሥራ አግኝቶ ሄዷል" እንላለን። እሱ ግን እዚያው ደብረ ታቦር፣ እኔ ልብስ ከምሰፋባት የፊት ክፍል በስተጀርባ፣ በአንድ መጋረጃ ተከልሎ ይኖር ነበር።

እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ። ምላሴ አያርፍም፤ ሰው ሲያደንቀኝ ደግሞ የምሆነውን አጣለሁ። ይህን የምናገረው ለትሕትና ብዬ አይደለም። የደረሰብን ሁሉ የመጣው ከዚህ ጠባዬ ነው።

ከመደበቁ በፊት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ሥራ የለመደ እጅ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ሰውዬውን ይበላዋል። ክረምቱ ሲገባ የጓዳውን ግድግዳ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር፤ ጭቃው እየረገፈ እናቴን አስለቀሳት። የቡሄ ዕለት የጅራፉ ጩኸትና የልጆቹ ጭፈራ ከውጭ ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ተኝቶ ዋለ። በማግሥቱ ግን ጠራኝና ከሞተ ሁለት ዓመት የሆነውን ቴፓችንን ጠየቀኝ።

"ምን ልታደርገው?"

"መስቀልን ወጥቼ አላይም አይደል እታለም፤ እዚሁ አመጣዋለሁ።"

የቴፑን ሞተር ፈልቅቆ አወጣ። ከትልቅ የዘይት ጣሳ ክብ ቆርቆሮ ቆረጠ፤ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ደግሞ ቀጭን ቀበቶ አበጀ። መሃል ላይ የመጥረጊያ ጭራሮ አስሮ ደመራውን አቆመ፤ ሕዝቡን በዙሪያው ባለው ቆርቆሮ ላይ ተከለ። ሰዎቹ ሽቦ ናቸው፣ ልብሳቸው ከእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ካህናቱን ጥንግ ድርብ አልብሶ ጥላ አስያዛቸው። ኮፍያ ያደረገ፣ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃም አስገባበት። ይህን ደግሞ ለምን ብለው፣ "ያለ እሱ የተከበረ በዓል አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

መጀመሪያ ሲያስነሣው ፍጥነቱ ልክ አልነበረም። ካህናቱ ከነጥላቸው ተስፈንጥረው እናቴ ጭን ላይ ወደቁ። "ምነው፣ እኒህ ቄሶች ምን ነካቸው!" ብላ በስንት ወሯ ሳቀች። እሱ ትልቅ የእንጨት ጎማ ጨምሮ አዘገየው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ልክ እንደ እውነተኛው በእርጋታ ደመራውን ይዞሩት ጀመር። ሦስታችን ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብለን እስኪመሽ አየነው።

የሚያሠራው አራት የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን የምገዛው ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት ከሚቸረችሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። ከቤተሰባችን ውጭ ምስጢራችንን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ አንድ ቀን እናቴን ብቻዋን ጠርተው "የልጁ ሳል ይሰማል፤ ሲመጣበት ጨርቅ ይንከስ በይው" አሏት። ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ እኔም ድንጋይ ስገዛ ለምን ብለውኝ አያውቁም።

መስከረም ዐሥራ ስድስት ቀን እናቴ ለበዓሉ የጎደለውን ልትሸምት ገበያ ወጣች። ወንድሜ "እንዳታወጪው" አላለኝም፤ ይህን ለአንድ ጤነኛ ሰው መንገር ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም። እኔ ግን ያን የመሰለ ነገር ሁለት ሴቶች ብቻ አይተውት ሊቀር ነው ብዬ አንጀቴ አረረ። ማን ሠራው ቢሉኝ እኔ እላለሁ፣ ምን ይመጣል? እሱ ተኝቶ ሳለ አንሥቼ በራፉ ላይ ካለው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ጫፉ ላይ እውነተኛ አደይ አበባ ሰክቼ አስነሣሁት።

ሰው ግጥም አለ። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ አህያ የሚነዱ ገበሬዎች ሳይቀሩ ቆሙ። "ማነው የሠራው?" ሲሉኝ "እኔ ነኛ! ማን መሰላችሁ?" አልኩ። ጎረቤታችን ከሱቃቸው ደጃፍ ተነሥተው መጡና በጆሮዬ "ልጄ፣ አስገቢው" አሉኝ። "ትንሽ ይቆይ ጋሼ" አልኳቸው። አንድ ጊዜ አዩኝና ተመልሰው ተቀመጡ።

ወዲያው የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ሬዲዮኑንም ሁለት ጊዜ ወንድሜ ዘንድ አስጠግኗል። ጠመንጃ ያነገተውን ትንሽ ሰው አይቶ "ይሄ እኔ ነኝ?" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። በዚህ መሃል ደመራው ቆመ። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ሰዎቹ አይንቀሳቀሱም።

"አስተካክይዋ፣ ባለሙያዋ" አለኝ።

የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ። ሽቦና ላስቲክ ነው የማየው። አንዱን ነካሁ፣ ሌላውን ነካሁ፤ ድንጋዮቹን አውጥቼ መለስኩ። ሁሉም እጄን ያያሉ። ያኔ "ተበላሽቷል፣ በቃ" ብል ኖሮ ምንም አልነበረም። አፍሬ፣ "መሣሪያዬ ውስጥ ነው" ብዬ አነሣሁትና መጋረጃውን አልፌ ገባሁ።

ወንድሜ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። "ምነው እታለም?" አለኝ ብቻ። ከዚያ ተቀበለኝና የወለቀውን ቀበቶ መለሰ፤ የላላ ሽቦም አጠበቀ። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ እንዳልዋረድ ነው የጠገነው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ይዤ ስወጣ ደመራው ከበፊቱ አምሮ ይዞራል፤ ሰዉ እልል አለ።

ኃላፊው አልሳቀም። ደመራውን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ መጋረጃውን አየ። "ወንድምሽ ከሐሙሲት አልተመለሰም?" አለኝ።

"አልተመለሰም።"

"እጅሽ ይባረክ" ብሎ ሄደ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። ጮኸችብኝ። እኔም "ማንም ምንም አልጠረጠረም" ብዬ በመስቀሉ ማልኩላት። ገብቼ ስላስጠገንኩት ትንፍሽ አላልኩም። ወንድሜም አልተናገረብኝም።

በእኛ አገር ደመራው የሚለኮሰው በማግሥቱ ማለዳ ነው። እኔና እናቴ ወደ ደመራው ወጣን፤ እሷ ከዐመዱ ቆንጥራ በግንባሯ አደረገች፤ የልጇን ድርሻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ቤታችን ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወንድሜን እጁን ይዘው እያወጡት ነው። ስምንት ወር ፀሐይ ያላየ ፊቱ በዚያ ብርሃን እንዴት እንደ ነጣ አልረሳውም። እናቴ ነጠላዋን እየፈታች በመሃላቸው ገብታ ዐመዱን በግንባሩ ላይ አደረገችለት። ኃላፊው እስክትጨርስ ፊቱን አዙሮ ጠበቃት። ከዚያ ወሰዱት።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰሜን ዘምቷል ተባለ፤ ሌላ ነገር አልሰማንም። ደርግ ወድቆ የተረፉት ወታደሮች በእግራቸው ሲመለሱ እናቴ መኪና መንገዱ ዳር ወጥታ ትቀመጥ ነበር፤ በአንበሳሜ በኩልም በየትም በኩል የመጣውን ትጠይቃለች። ልጇ አልመጣም።

እናቴ ግን ማን እንዳሳፈሰው ያወቀች መስሏት ነበር። ማንም አልጠረጠረም ብዬ ምያለሁ፤ ምስጢሩን የሚያውቁ ደግሞ ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸውን አልመለሰችም። በሱቃቸው ፊት ላለማለፍ መንገድ ትሻገራለች፤ ላገኘችው ሁሉ "ልጄን የሸጠው እሱ ነው" ትላለች። የሰፈራችን ሴቶች ጨውና ሳሙናቸውን ከሌላ ይገዙ ጀመር። እሳቸው በዚያ ቀን ከደጃፋቸው ተቀምጠው፣ ይዤው ስገባም ስወጣም ያዩ ሰው ናቸው። ለራሳቸው አንድ ቃል አልተከራከሩም። እኔም በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ፤ ሞተች።

ጎረቤታችን ለቅሶ መጡ። ከድንኳኑ ጥግ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሰው ሲሳሳ አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክሁ። "ጋሼ፣ እኔ…" ስል አቋረጡኝ።

"ተይው ልጄ። የቀረሽላት አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺን ከምትጠላ እኔን ትጥላ ብዬ ነው። አላህ ጽናቱን ይስጥሽ።"

እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። አስከሬናቸው በደጃችን ሲያልፍ ሴቶች ተሰብስበን ቆመን ነበር። ከጎኔ ያለችው አዲስ ጎረቤት "ማናቸው?" ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ ቀበል አድርጋ "ያንን የእሷን ወንድም ያስያዘው ሰውዬ ነው" አለቻት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ደፋሁ፤ ያዘንኩ መስሏቸው ትከሻዬን አቀፉኝ።