ካልሲ የለበሰ ቃጭል

እኛ ሚኒሶታዎች በበረዶ ሆኪ ቀልድ አናውቅም። የኮሌጃችን ሴቶች ጎል ባገቡ ቁጥር ወላጅ ሁሉ የላም ቃጭሉን ያንቃጭላል። አንዲት ጓንቷ የተቀደደ ሴትዮ ግን ክረምቱን ሙሉ፣ እንዳይጮህ ምላሱ በካልሲ የተጠቀለለ ቃጭል ታቅፋ ዝም ብላ ታያለች።

በዋንጫው ጨዋታ የግብ ጠባቂያችን አባት ሃልቮር አላስችል አለው።

«እትዬ፣ ቃጭልዎ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

ፈገግ አለች። «ካልሲውን የማወልቅለት ልጄ ጎል ስታገባ ነው።»

«የትኛዋ ናት የርስዎ?»

«ብትኖር ዘንድሮ ትመረቅ ነበር።»

ሃልቮር ጠጋ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

አሸነፍን። አዳራሹ በቃጭል ተናጋ። እሷም ብድግ አለችና ቃጭሏን ከሁላችን በላይ ከፍ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ ትነቀንቀው ጀመር። ካልሲውን ግን አላወለቀችለትም።