በመስኮቷ የማያልፍ ዳቦ

ታማሌ የሚባለውን ምግብ መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። አሠሪዬ ልብስ እንዳደርስ ወደ ጆሃንስበርግ ሰሜን ልኮኝ፣ ሀብታሞች ቅዳሜ ቅዳሜ በሚገበያዩበት ሜዳ ሳቋርጥ፣ የበቆሎ ቅጠል በእንፋሎት ሲበስል የሚሸተው ሽታ አስቆመኝ። ሜክሲኳዊት ነኝ ያለችኝ ሴት ከድስት አውጥታ በወረቀት ሳህን ሰጠችኝ። "ትኩስ ነው፣ እንዳትቃጠል" አለችኝ። በቅጠል የተጠቀለለ ሊጥ ነው፤ ውስጡ በቀይ በርበሬ የተሠራ ሥጋ አለ። ጥሩ ነበር። ግን ቅጠሉን ስፈታ አፌ ሌላ ነገር ጠብቆ ስለነበር ሥጋው ያልጠራሁት እንግዳ ሆነብኝ።

ያደግሁት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እኛ ጋ እሸት በቆሎ ይፈጭና በቅቤና በጨው ታሽቶ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል። ወላይታ የተዳረችው አክስቴ ቃሪያና ኮረሪማ ትጨምርበታለች። እናቴ "ይሄ ዳቦ ነው ወጥ?" እያለች ታሾፍባት ነበር፤ ሁለተኛ ቁራሽ ስትጠይቅ ግን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። የሁለቱም ዳቦ ክብና ትልቅ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ አይጋገርም፤ ታላቅ የሆነ ሰው መርቆ ሳይቆርሰውም ማንም አይነካውም። አባታችን ከሞተ በኋላ የሚቆርሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የእሸት ዳቦ ፍለጋ ጀመርኩ። ጆሃንስበርግ እሸት የሚደርሰው በገና ሰሞን ነው፤ አገር ቤት በመስከረም የሚያሸተው እዚህ በጥር ያሸታል። ዙሉዎቹ የእኛኑ የመሰለ ዳቦ አላቸው። መንገድ ላይ ሚሊ ብሬድ ይሉታል። እሸቱን በመፈቅፈቂያ ይፈቀፍቁና በራሱ በበቆሎው ቅጠል ጠቅልለው ያበስሉታል። ሂልብሮው በሚባለው ሰፈር ከምኖርበት ፎቅ ሥር የምትሸጠው ሴት ስኳር ታበዛለች። ታክሲ ተራው ያለው ሰውዬ የትናንቱን አሙቆ ነው የሚሸጠው፤ የቅጠሉ ጠርዝ ስለሚጠቁር ያስታውቃል። ከሁሉም እየገዛሁ ወደ ክፍሌ እወስዳለሁ። አንዱን ክፍል በመጋረጃ ለአራት ተካፍለን ነው የምንኖረው። የሥራ ሰዓታችን ስለማይገጥም የሦስቱን ጫማ እንጂ ፊታቸውን ብዙም አላይም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቅጠሉን እፈታለሁ። ሁሉም ትንንሽ ነው፣ የአንድ ሰው ልክ። የሚቆረስ ነገር የለውም።

ጥሩውን ያገኘሁት ዱርንፎንቴን ሰፈር፣ ከምሠራበት የልብስ መጋዘን ጀርባ ነው። አንዲት አሮጊት በከሰል ምድጃ ላይ ጥደው ይሸጣሉ፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ጎጎ፣ አያቴ ማለት ነው፣ እላቸዋለሁ። ስኳር አይነኩም፤ ጨው ብቻ። ዱቄት ስለማያበዙ ዳቦው ጥርስ ሥር ገና እሸት እሸት ይላል። የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ጨረስኩና ሌላ ገዛሁ። በሳምንቱ እንዲህ አልኳቸው፦

"ጎጎ፣ አንድ ትልቅ ይሠሩልኛል? የድስቱን ያህል።"

"ሚስት አገባህ እንዴ?"

"ኧረ አላገባሁም።"

"ታዲያ ማን ሊጨርሰው ነው?"

"ለወንድሜ ነው።"

"ወንድምህ ዝሆን ነው?" ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቁን ተዉት። "ሰኞ ና፣ ልጄ" አሉኝ። ሰኞ የእረፍት ቀኔ ነው።

ወንድሜ ከከተማው ወጣ ባለችው ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ አለው። ከአገር ያስመጣኝ እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። የሱቁ ፊት በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ዕቃ የሚሸጠው አንድ የታሸገ ዳቦ ብቻ በምታሳልፍ መስኮት ነው፤ የጎን በሩ ሁልጊዜ ይቆለፋል። አንድ ከሰዓት ቆሻሻ ደፍቼ ስመለስ ስንኝ መጣልኝ። እንዳይጠፋብኝ ወደ ባንኮኒው ሮጬ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። በሩን አልቆለፍኩም። ሁለት ሰዎች ገቡ። ወንድሜን በሽጉጥ ሰደፍ ቅንድቡ ላይ መቱት፤ እኔን አልነኩኝም። ተሰፍቶ ከሐኪም ቤት ሲመለስ አልጮኸብኝም። "አንተ ውጭ ሆነህ ጻፍ" ብቻ አለኝ። በማግሥቱ ወጣሁ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። በበዓል እንደዋወላለን፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ። ስንኙንም አልጨረስኩትም።

ሰኞ ዳቦውን ይዤ ስሄድ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ያንን በር እንዲከፍትልኝ።

ታክሲ ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሙቀቱ ሱሪዬን አልፎ ይፈጀኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሽታውን ስባ "እናትህ ሠርታልህ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ የምላት ነገር ረጅም ነበር።

ሱቁ ጋ ስደርስ ወንድሜ አጎንብሶ ሳሙና ይደረድራል። ቀና ሳይል "የስ፣ ማይ ፍሬንድ" አለኝ። እዚህ ባለ ስፓዛና ደንበኛ የሚጠራሩት እንዲያ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

ቀና አለ። ጠባሳው ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎታል።

"ገጣሚው! ምነው፣ ከሥራ አባረሩህ?"

"ኧረ አላባረሩኝም። ዳቦ ይዤልህ መጣሁ፤ የእሸት።"

"የእሸት? እዚህ አገር? ቀለድክ።" አንገቱን አሰገገ። "እስቲ አምጣው።"

በመስኮቷ ላስገባ ሞከርኩ፤ አላልፍ አለ። በጎኑ አዞርኩት፤ አሁንም እምቢ አለ። ሁለታችንም ወደ ጎን በሩ አየን። ቁልፉ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ሰውዬ ሲጋራ ሊገዛ መጣና ዞር አልኩለት። ሰውዬው ሲሄድ ወንድሜ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

"እዚያው ቁረሰውና አቀብለኝ" አለ።

"አንተ እያለህ እኔ?"

 የሳሙናውን ካርቶን በእግሩ ገፋ አደረገ። ከዚያ ቢላዋ አነሳና "አስጠጋው" አለኝ። ክንዱን በመስኮቷ እስከ ክርኑ አወጣ። ዳቦውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። ቅጠሉን በቢላዋው ጫፍ ሲገልጠው እንፋሎቱ ፊቱን ጋረደው። በሆዱ አጉተመተመ፤ ምርቃቱን አልሰማሁትም፤ የት ላይ አሜን እንደሚባል ግን አውቀዋለሁ። አሜን አልኩ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ሰጠኝ፣ ሁለተኛውን ለራሱ አደረገ።

"ማን ጋገረው?"

"አንዲት ጎጎ፣ ከሥራ ቦታዬ ጀርባ።"

"ቅቤ የለውም።"

"የለውም።"

"የአክስታችን ቃሪያ ቢኖርበት ኖሮ..." አልጨረሰውም። ሌላ ቆረሰ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን በሩን..."

"ብላ፣ ይበርዳል።"

በላሁ። እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ ቆመን በላን። ደንበኛ ሲመጣ እሸጋሸጋለሁ፣ ሲሄድ እመለሳለሁ። የተረፈውን ቆራርጦ ወደ ውስጥ አስገባውና እጁን በሱሪው ጠረገ። ቁልፉ ወገቡ ላይ እንዳለ ነው።

ፎጣዬን አጥፌ ልሄድ ስል ጠራኝ።

"ስማ፣ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ትንንሹን አምጣ። በዚህች የሚያልፈውን።"

እሺ አልኩት፤ ወደ ታክሲው መንገድም ወጣሁ።