ሰኞ ሰኞ እንቢ የሚለው መሣሪያ

ጎረቤቴ ሲስተር ልጇን «ችኩሏ» ማለት የጀመረችው በተወለደችበት ቀን ነው፤ በሰባት ወሯ ዱብ ስላለች። ቅጽል ስሙም አልዋሸም። ልጅቷ ሻይ ሳይበርድ ትጠጣለች፣ ጥያቄ ሳያልቅ ትመልሳለች። ጠዋት ስትወጣ በሯ ሲጋጭ ሦስተኛ ፎቅ ያለን ሁሉ ሰዓታችንን እንሞላበታለን።

አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስድስት ሰዎች ባሉበት ድርጅት ውስጥ ለሕክምና መሣሪያዎች ሶፍትዌር ትጽፋለች። ሥራዋ በትክክል ምን እንደሆነ የገባው ጎረቤት የለም። «ቁጭ ብላ የሆነ ነገር ስታጠፋ ስታበራ ትውላለች» የሚሉ አሉ፤ እውነት ለመናገር ብዙም አልተሳሳቱም።

ድርጅቱ ያወጣው መሣሪያ የበሽተኛውን ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ የልብ ምቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በስክሪን ያሳያል። ከመሣሪያዎቹ አራቱ፣ ሲስተር ነርስ ሆና በምትሠራበት ክሊኒክ ገብተዋል። ያስገባቻቸውም እሷው ናት፤ ኃላፊው ዶክተር ፊት ቆማ «ልጄ የሠራችው ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ» ብላ።

ታዲያ ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር አንዱ ወይ ሁለቱ ስክሪናቸው ጨልሞ ይቀራል። አጥፍተው ሲያበሯቸው ይሠራሉ። ግን ትንፋሽ አጥሮት የመጣን ሰው «ቆይ፣ አንዴ አጥፍቼ ላብራው» ይሉታል? በሦስተኛው ሰኞ ዶክተሩ «ሲስተር፣ የሚቀጥለው ሰኞ ከአራቱ አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ሁሉንም እመልሳለሁ» አላት፣ ያውም ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። ሲስተር ሃያ ስምንት ዓመት በሠራችበት ቤት እንደዚያ ቀን አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

ችኩሏ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ቦርድ የሚሉትን የመሣሪያውን ሆድ ዕቃ ስታጠፋ ስታበራ ሰነበተች። ሁለት መቶ ጊዜ። ሁለት መቶ ጊዜም በራ። አርብ ላይ የአለቃዋ ትዕግሥት አለቀ።

«ሲነሳ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ የሚል መስመር ጨምሪበትና እንገላገል።»

«ለምን ሁለት? ለምን አራት አይሆንም?»

«ዶክተሩ እንደሆነ ኮድ አያነብም።»

«በሽታውን ሳላውቅማ አላዝም።»

«የነርስ ልጅ!» አለና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሲስተር ቤት እኔም ነበርኩ። ሽንኩርት ልበደር ነበር የገባሁት፤ ሽንኩርት እንኳ ቤቴ ሞልቷል።

«ሰኞ ብቻ ለምን?» አለች ልጅ፣ ከራሷ ጋር እንደማውራት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች እናት። «አርብ ሥራ ሲያልቅ የጽዳት ሠራተኛዋ ሶኬቱን ሁሉ ነቃቅላ ትሄዳለች፤ እሳት ትፈራለች። ሰኞ እስክንገባ እንደተነቀለ ነው።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን ተረኛ አለ፤ ማን ይነቅለዋል?»

«እማዬ፣ እኔ ካጠፋሁት በኋላ እስከማበራው ስንት ሰከንድ የምታገስ ይመስልሻል?»

«አንቺ? ጠፍቶ እንኳ መች ይጨርስልሻል!»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለኔም የገባኝ ነገር ስለሆነ ለማንም ይገባል። መሣሪያው ውስጥ ለስክሪኑ ቮልቴጅ መጥኖ የሚሰጥ ቺፕ አለ። ከርነል የሚባለው የሶፍትዌሩ እምብርት ከቺፑ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው። መሣሪያው ሲነሳ ድራይቨሩ ቺፑን አንዴ «አለህ?» ይለዋል። መልስ ካጣ «የለም» ብሎ መዝግቦ ይሄዳል፤ ዳግም ዞር ብሎ አያየውም። ቶሎ ጠፍቶ ቶሎ ሲበራ ቦርዱ ላይ ትራፊ ኤሌክትሪክ ስለማይጠፋ ቺፑ ወዲያው «አቤት» ይላል። ሁለት ቀን ተነቅሎ ከከረመ ግን ባዶውን ነው፤ እስኪነቃ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ጊዜ ትበቃው ነበር። ያቺን ታህል የጠበቀው አልነበረም፤ አንዳንዱ ለጥቂት ይደርሳል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ቦርድ ባዶ እስኪሆን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ቦርዶች ነቅሎ መተው ያስፈልጋል። ነቅሎ፣ ሳይነኩ መተው! ልጅቷ ራሷን ስለምታውቅ ከቢሮ አምጥታ ለእናቷ አስረከበቻቸው። ሲስተር ቦርዶቹን በአንሶላ መሀል ሸጉጣ ቁም ሳጥኑን ቆለፈችና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

እስከ እሁድ ከሰዓት ችኩሏ ድራይቨሩን ስታስተካክል ቆየች። አዲሱ ድራይቨር በቅድሚያ ኤሌክትሪኩ ለቺፑ መድረሱን ያጣራል፤ ከዚያ ይጠራዋል፤ መልስ ቢያጣም «የለም» አይልም፣ ከርነሉን «ትንሽ ቆይተህ መልሰህ ላከኝ» ይለዋል። ለውጡ በሙሉ አሥራ አራት መስመር። በየመሀሉ ግን ቁም ሳጥኑ አጠገብ ብቅ ትላለች።

«እማዬ፣ አንዱን ብቻ ልየው።»

«እጅሽን ሰብስቢ!»

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የመጀመሪያውን ቦርድ በአሮጌው ሶፍትዌር አስነሳችው። ጨለማ። ችኩሏ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ምን ያስቦርቅሻል? አልበራም እኮ!»

«አልበራማ! አገኘሁት እኮ ነው የምልሽ!»

ሁለተኛውን በአዲሱ አስነሳችው፤ በራ። ሦስተኛውም በራ። ከዚያ ግን ደስታዋ ቀዘቀዘ። ሌላ ባዶ ቦርድ የለም፣ ነገ ሰኞ ነው። ሁለቴ በራ ማለት ሁልጊዜ ይበራል ማለት አይደለም። ሁለት መቶ ጊዜ ሲበራ አይታ የተሸወደች ሰው ይህን ማን ሊነግራት።

ሰኞ ሲስተር አዲሱ ሶፍትዌር የተጫነባቸውን አራት ሚሞሪ ካርዶች በመሐረብ ቋጥራ ከዶክተሩ ቀድማ ገባች። ልጇ እንዳሳየቻት፣ ምንም ሳታበራ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለወጠች። ልጅቷ ቢሮ ውስጥ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች። እንዳትደውል እናቷ ሥራ ላይ ናት። አለቃዋ ሊያናግራት መጥቶ ፊቷን ሲያይ ተመለሰ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አራቱም» አለች እናቷ።

«አራቱም ምን?»

«በርተዋል። ገና በመጀመሪያው።»

«ዶክተሩስ ምን አለ?»

«ምን ይላል፤ ‹ቀጣዩን አስገቡ› አለ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ ግን መድኃኒት ክፍል ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። በይ ዝጊው አሁን፤ የሰው ጣት ይዤ ነው የማወራሽ።»