ቅጠል የምታደርቀው ተከራዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በሰኔ ጾም ነው። እስከ ዛሬ ጎመን ልቀነጥስ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ ቆም ይላል። የማስበው ግን ስለ ጎመኑ ሳይሆን ስለ አንዲት ልጅ ነው። ለሰፈሩ ሰው ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ወሬ እንደምወድ የሚያውቁኝ «በቃ ጻፊውና እኛም እንረፍ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩት።

እኔ ቡሬ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉንም መቀሱንም ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም ሥራ ይዛ ባሕር ዳር ከገባች በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ አንዷን ክፍል ለማከራየት አሰብኩ። የመጣችው ጥሩዓለም የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ አገሯ ደቡብ ጎንደር።

«ግቢ ውስጥ አልጋ የላችሁም እንዴ?» አልኳት።

«አለን እትዬ። ክፍሉን የፈለግኩት ለእኔ አይደለም፣ ለቅጠሎቼ ነው» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ የምሯን ነው። የምትማረው ቦታኒ ነው፤ ዕፅዋትን የሚያጠና ትምህርት። ለመመረቂያዋ ከቡሬ ጀምሮ በማንኩሳ በኩል እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ በበቆሎ ማሳ ውስጥ የሚበቅለውን አረም ከነሥሩ ነቅላ፣ በጋዜጣ መሐል አድርቃ፣ ወረቀት ላይ ለጥፋ ማስረከብ ነበረባት። ዶርም ውስጥ ስታደርቅ ጓደኞቿ «ሽታው ገደለን» ብለው ከነቅጠሏ ሊያስወጧት ደርሰው ነበር። እኔ ቤት ስትመጣ ደግሞ ጋዜጣውን የሚጫን ከባድ ነገር አጣች። የማልሠራበትን አሮጌ የስፌት መኪና ሰጠኋት። በየቀኑ እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ ትቀይራለች፤ የተቀየረውን እኔ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አነበዋለሁ። እሷ ቅጠሉን ታጠናለች፣ እኔ ቅጠሉ የተኛበትን ወሬ። እንዲህ ተግባብተን ኖርን።

ሰፈሩ ግን አልተግባባትም። «ሰው ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልከው አረም እንዲያርም ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «መንቀሉስ ይሁን፣ ሥሩን ምን ታደርገዋለች?» ይላል። እኛ አገር ሥር የሚምስ ሰው በደግ ዓይን አይታይም። መድኃኒት ያውቃል ይባላል፤ መድኃኒት ደግሞ ለበጎም ለክፉም ነው። ጎረቤቴ እትዬ ጠጄ አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«አስካለ፣ ያቺ ልጅ የምታደርቀው ምን እንደሆነ ጠይቀሻታል?»

«አረም ነው እኮ እትዬ።»

«ኧረ ተይኝ! አረም ይጣላል እንጂ ማን ያደርቀዋል?»

እኔስ መች ገብቶኝ!

እንግዲህ ነገሩ የደረሰብኝ ዕለት ማንኩሳ ያለችው እህቴ ከበቆሎ ማሳ የተቀነጠሰ ለጋ ጎመን በሰው እጅ ላከችልኝ። ለጾም የሚሆን ነገር ስላገኘሁ ደስ አለኝ። ቀቅዬ፣ በዘይት ጠብሼ፣ የቅዳሴው ሰዓት ሲያልፍ በላሁ። ጥሩዓለም ከጠዋት ጀምሮ ማሳ ለማሳ ስትዞር ስለዋለች ርቧት እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ለእሷም በሳህን ከደንኩላት። ከዚያ ተመልሼ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ። የምሰፋው የእሷኑ የምረቃ ቀሚስ ነበር።

መጀመሪያ አፌ ደረቀ። ውኃ ብጠጣበትም ምላሴ እንደ ቁርበት ሆነብኝ። ቀጥሎ ፊቴ ነደደ፣ መርፌው ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው የነበሩት ሰዎች እንደነገሩኝ ነው።

እትዬ ጠጄ ወንፊት ሊዋሱ ሲገቡ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የማይታይ ክር ከአየር ላይ እየሳብኩ በማይታይ መርፌ ቀዳዳ ሳስገባ አገኙኝ። የሞተውን ባለቤቴንም «ቆም በል እንጂ፣ እጅጌህን ልለካው» እለው ነበር አሉ። ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ።

እኛ ዘንድ ደህና የዋለ ሰው በድንገት እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቡዳ ነው። ቀበሪቾ አጨሱብኝ፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አሽተው አፍንጫዬ ውስጥ ከተቱብኝ። ከዚያ እትዬ ጠጄ ራሴን ደግፈው ያዙና ጠየቁኝ፦

«ማን በላሽ? ስሙን ተናገሪ!»

«ጥሩዓለም» አልኩ አሉ።

ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ቀሚሷን እየሰፋሁ ነበር፤ ምሳዋን ከድኜ መምጫዋን እየጠበቅኩ ነበር። ስሟ አፌ ላይ ቢመጣ ምን ይገርማል? በዚያ ሰዓት ግን ይህን የሚመረምር ሰው አልነበረም።

ወዲያው እሷ ከች አለች። ቦት ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። በአንድ እጇ መቆፈሪያ፣ በሌላው እጇ ሥሩ የተንዘረፈፈ ቅጠል የሞላ ፌስታል ይዛለች። ኧረ ከዚያ የባሰ አመጣጥ ከየት ይገኛል! ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ አገዳት።

«አንድ እርምጃ እንዳትገቢ!»

«እትዬ ምን ሆነው ነው?»

«አንቺው ታውቂዋለሽ። ስምሽን ጠርታለች።»

እትዬ ጠጄም ከውስጥ ሆነው «ተፊባትና ልቀቂያት! በወላዲተ አምላክ፣ ልቀቂያት!» ይሏታል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቡዳ ነው የተባለ ሰው የታመመው ላይ ከተፋበት በሽተኛው ይለቀቃል ይባላል። የተፋው ሰው ግን «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ አመነ ማለት ነው። ያ ስም ከዚያ በኋላ አይለቀውም። ማን ያገባዋል? ማንስ አብሮት ማዕድ ይቀርባል? ወሬው ከቡሬ ተነሥቶ አገሯ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል።

መጀመሪያ «እኔ ቡዳ አይደለሁም፣ ወላጆቼም አይደሉም!» ብላ አለቀሰች አሉ። ከዚያ በይበልጣል ክንድ ሥር አጮልቃ አየችኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ እጄ አሁንም ክር ይለቅማል። ለቅሶዋን አቆመች።

«እሺ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እተፋባቸዋለሁ። አስገቡኝ ብቻ።»

ሰዉ ሸሸት ብሎ መንገድ ለቀቀላት። አጎንብሳ ተፋችብኝ። ከተፋች በኋላ ግን ቀና አላለችም፤ የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች። ብሌኑ ሰፍቶ ዓይኔን ሞልቶታል። አፌን ከፍታ በጣቷ ነካችው፤ ኩበት ሆኗል። «ምንድን ነው የበሉት?» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች። ከጎመኑ የተራረፈውን ከቅርጫት ዘርግፋ ቅጠል በቅጠል ታሸት፣ ታሸትት ጀመር። አንዱን ለጋ ቅጠል ይዛ ክፍሏ ገባችና አንድ የታጠፈ ጋዜጣ ይዛ ወጣች። መምህሯ አረሙን በየዕድሜው እንድትሰበስብ ስላዘዟት፣ ገና ያላበበውንም ነቅላ አድርቃው ኖሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ለእትዬ ጠጄ አሳየቻቸው።

«እማማ፣ ይኼን ያውቁታል?»

እትዬ ጠጄ ተቀብለው አሸተቱት። «አስተናግር» አሉ ድምፃቸው ወርዶ።

አስተናግርን የማያውቅ የለም። ነጭ አበባ ሲያወጣ፣ እሾሃም ፍሬ ሲያፈራ ሕፃንም ይለየዋል፤ የበላው ሰው እንደሚቀባጥርም እናውቃለን። ለጋውን ከጎመን መሐል ግን እህቴም አልለየችው፣ እኔም አልለየሁት።

«ይኼን ነው የበሉት። ይበልጣል፣ ባጃጅህን አስነሣ!» አለችው። በሩ ላይ ያገዳት ሰው ተሸክሞ አወጣኝ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ቅጠሉን ለሐኪሙ ሰጠችው። ልቤ ደረቴን ሊሰነጥቅ ምንም አልቀረውም ነበር አሉ። ምን እንደበላሁ ባያውቁ ኖሮ አእምሮዋ ታውኳል ብለው ሌላ ሕክምና ይጀምሩልኝ እንደነበር ኋላ ሐኪሙ ነግሮኛል። ወደ ራሴ ስመለስ ነግቷል። ግሉኮሱን እንዳልነቅለው ጥሩዓለም እጄን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጠያቂ ሲመጣ አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እንኳን ተፋችብሽ እቴ፣ ባትተፋብሽ አልቆልሽ ነበር» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ለካ የእኔ መዳን ራሱ በልጅቷ ላይ ምስክር ሆኗል! ተነሥቼ ልናገር ስል እትዬ ጠጄ ቀደሙኝ።

«ዝም በይ አንቺ! ያስተፋኋት እኔ ነኝ። ቅጠሉንም በእጄ ይዤ አሽትቻለሁ። የሚወራ ካለ የእኔ ስም ይወራ!»

በዚህ አላበቁም። በቀጣዩ እሑድ የማኅበራችን ጽዋ ነበር። እትዬ ጠጄ ጥሩዓለምን እጇን ይዘው አመጧትና ከጎናቸው አስቀመጧት። ቤቱ ሙሉ ሰው እያየ «ልጄ፣ በእጅሽ አጉርሽኝ» አሏት። አጎረሰቻቸው፤ አላምጠው ዋጡ። «ድገሚኝ፣ ትንሽ ነው» ሲሉ ሳቅ ፈነዳ። ቀጥሎ እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ከእኔ ቀጥሎ ሌሎቹ። ያቺ ጆሮዬ ሥር ያንሾካሾከችው ሴት ሳትቀር ጎረሰች። ከበላን በኋላ ጥሩዓለም ጋዜጣዎቿን ዘርግታ፣ ለጋ አስተናግር ከጎመን በምን እንደሚለይ አሳየችን።

ተመርቃለች፤ ቀሚሱም አምሮባት ነበር። አሁን ፍኖተ ሰላም ሥራ ይዛለች። ስትደውልልኝ አንድ ቀን «ለመሆኑ ያን ጊዜ በማታውቂው ነገር ለምን እኔ ነኝ አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን ላድርግ እትዬ? በሩ ላይ ቆሜ ብከራከር ይመሽ ነበር» አለችኝ።

ሰዎች ያዳነሽ ትምህርቷ ነው ይሉኛል። እውነት ነው፤ ያስተማሯትን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ቅጠሉን ከመለየቷ በፊት፣ እድን ይሁን እሞት ገና ሳታውቅ፣ ለቤት አከራይዋ ብላ የዕድሜ ልክ ስሟን በሩ ላይ ጥላ ገባች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። «አዎ» ለማለት ግን እስካሁን አልደፈርኩም።