ቀጤ በህልሙ ያያት ምልክት

ታፔላ ጸሐፊው ምልክቷን ያያት በቀትር እንቅልፉ ነው። ምሳውን በልቶ፣ ቀለም የጠጣው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጋደም ባለበት፣ ከነጭ ነገር ውስጥ አንዲት ቀይ ቅርጽ ቀስ እያለች ብቅ አለች። ጎበጥ ያለች ናት፤ ወገቧ ላይ ሁለት አጫጭር ሰረዞች ተጋድመውባታል። ሲነቃ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ ካርቶን ላይ ነደፋት።

ሰፈሩ «ቀጤ» ይለዋል። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሰምር ነው እንጂ፣ እሱስ ሲራመድ ወደ ግራ ያደላል። አርባ ዓመት የጻፋቸውን ታፔላዎች ግማሹን ዝናብ አጥቦበታል፣ ግማሹ ላይ አዳዲስ ባለሱቆች ቀለም ደርበውበታል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንኩ ለአገሩ ገንዘብ እንደ ዶላሩ ያለ ምልክት የሚሆን ንድፍ አምጡ ብሎ ውድድር ሲያወጣ ልቡ ተሰቀለ። አንዴ ከተመረጠች ማን ቀለም ይደርብባታል? በየጋዜጣው፣ በየዕቃው ዋጋ ላይ ስትጻፍ ትኖራለች። እሱ ካለፈም በኋላ።

ወራት የለፋባቸው ንድፎች ነበሩት፤ ያጌጡ፣ ዘውድ ብቻ የቀራቸው። ህልሙ ሁሉንም አስጣለው። ይህችኛዋ በሦስት የእጅ ምት ታልቃለች፣ ስታንስም አትደበዝዝም። ላካት። ከመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ ገባችና ሐሙስ ጠዋት ቀርበህ አስረዳ ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ከሳጥን ያወጣውን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ሲገለብጥ ክው አለ። በቀይ ክር፣ ጥፍር በምታክል ስፌት፣ ያችው ናት። ሟች ሚስቱ ሆቴል ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የእሱ ሸሚዞች እዚያው ሲታጠቡ ከእንግዶቹ ልብስ ጋር እንዳይቀላቀሉ ምልክት ታደርግባቸው ነበር። አንገቱ ላይ ይዟት ስንት ዓመት ዞሯል!

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በእንፋሎት መሃል እጆቿ ታዩት፤ መርፌዋ ስትገባ፣ ስትወጣ። መቀሱ ቅርብ ነበር። ክሯን ቢተረትራት ማን ያውቃል? መቀሱን ገፋ አደረገው። ከዚያ ሸሚዙን እንዳለ ለብሶ ወጣ።

«አባባ፣ ሐሳቡ ከየት መጣልዎት?» አለች የዳኞቹ ሰብሳቢ።

«የኔ አይደለም። የባለቤቴ ነው» አለና ኮሌታውን ገልብጦ አሳያት።

«እንግዲያው እሳቸው ይምጡና ይፈርሙልን።»

«ካረፈች አራት ዓመቷ ነው።»

ሰብሳቢዋ ወረቀቶቿን ነካካች። «ደንቡ የተወዳዳሪው የራሱ ፈጠራ ይሁን ይላል፤ በሟች ስም ደግሞ አንቀበልም። ምን ላድርግዎት አባባ?»

«ምንም፣ ልጄ። ደንብ ደንብ ነው።» ኮሌታውን መለሰና ወጣ።

ውጭ ያለችው ጸሐፊ ውሳኔው ሲነገራት መዝገቧን ገልጣ ስሙን ሰረዘች።

«እባክሽ፣ አጠገቡ የባለቤቴን ስም አስፍሪልኝ። እንዳትቀር።»

ልጅቷ ፈራ ተባ አለች። ግራ ቀኙን አየችና «እሺ፣ ማን ልበል?» አለችው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ። «እስክሪብቶውን ስጪኝ» አላት። አርባ ዓመት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም ሲጽፍ ኖሮ፣ የእሷን አንድም ቀን ጽፎት አያውቅም ነበር።