ዶክተሩ ያልሰማው ኳኳታ

ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ ሾፌሮቹ ግን «ዶክተር» ይሉታል። ረጅም ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ በሽታውን ይናገራል። ሰላሳ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል፤ ኩራቱም ለጉድ ነው። ቤት ውስጥ ግን ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪማረር ከፍቶ «ይሄ ሰውዬ ለምን ያንሾካሹካል?» የሚለኝ እሱ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ይቆጣል። ጆሮዬ ደከመ ከተባለ ምን ቀረኝ ብሎ እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ እኔም እፈራለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ በቤንዚን የሚሠራ የጭነት መኪና መጣለት። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። መመርመሪያው ኮምፒውተር ጥፋተኛዋ የኳኳታ ሴንሰር ናት አለ፤ ሞተሩ ጎን ላይ ታስራ ያልተለመደ ኳኳታ ስትሰማ የምታሳብቅ ትንሽ ዕቃ ናት። ባሌ ካቻቢቴውን ደግፎ አዳመጠ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ውሸታሟ ሴንሰሯ ናት» ብሎ ፈረደ።

ቀየራት። መብራቱ ተመልሶ በራ። ሁለተኛዋንም ቀየረ። በራ። በሦስተኛው ቀን ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ ሲያበቃ፣ የዘንድሮን ዕቃ ሠሪ ከነዘር ማንዘሩ ሲራገም ምሳ ይዤ ጋራዡ ደረስኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያንኳኳው?» አልኩ።

«የቱ?»

«ይሄ ነዋ! ቋ ቋ ቋ የሚለው!»

ጋራዡ ውስጥ ያሉትን ዞሬ አየኋቸው። አንዱ መካኒክ ጫማውን ያያል፣ ሌላው ንጹሕ መፍቻ ይወለውላል። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰምተዋል! ሾፌሩ ሳይቀር!

«ታዲያ አትነግሩትም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እትዬ፣ ዶክተር ጤነኛ ነው ካሉ እኛ ማን ነን?» አለኝ መፍቻ የሚወለውለው።

ከሴንሰሯ አጠገብ የአንድ ቱቦ ማሰሪያ ብረት ብሎኑ ላልቶ የሞተሩን ጎን ሲደበድብ ተገኘ። ምስኪኗ የሰማችውን ነበር የተናገረችው። ብሎኑ ጠበቀ፣ የመጀመሪያዋ ሴንሰር ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ መብራቱም ጠፋ። ባሌ ምሳውን አልነካም። በማግስቱ ምንም ሳልለው ቀድሞኝ ለባብሶ «ነይ እንሂድ» አለኝ።

ሐኪም ቤት ማዳመጫ አጥልቀውለት፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ነገሩት። አነሳ፣ አነሳ፣ አንድም አላመለጠውም። ነርሷ «ጎበዝ አባቴ!» ስትለው ነቃሁበት፤ ለካ ቁልፉን ስትጫን ጣቷን እያየ ነው። ወንበሩን ከነሰውዬው ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ነርሷ ትጫናለች፣ እጁ ጭኑ ላይ ነው። አሁንም ትጫናለች። ቅድም በሳቅ ልሞት የነበርኩት ሴትዮ እጁን እኔው ላነሳለት ምንም አልቀረኝም። በስንት ጊዜው እጁ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ይቺን ሰምቻታለሁ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ» አልኩት። አልሰማኝም። ሆስፒታሉ በሙሉ እስኪደነግጥ ጮኼ ደገምኩለት።