ማንም ያልሞተበት ጡሩምባ

ዲንቄ ኩምሳ ከኩባ በተመለሰች ሰሞን፣ አንድ ማለዳ በእናቷ ግቢ ቆማ እዚያ መንፋት የተማረችውን ትራምፔት ነፋች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚህ ውስጥ አሥራ ሁለቱን የኖረችው ባሕር ማዶ፣ ሰው በጠዋት ተነስቶ ቢነፋ ጎረቤቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ድስት እየመታ በሚያጅብበት ደሴት ላይ ነው። አቃቂ ግን ሌላ ነው። አቃቂ በማለዳ ጡሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከእድሩ ጡሩምባ ነፊ በቀር በዚያ ሰዓት ማን ይነፋል? ሁለተኛውን ዜማ ሳትጨርስ የግቢው በር ተንኳኳና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ አምስት ሴቶች፣ "ማን ነው? ማን ሞተ?" እያሉ ገቡ። አንዷማ ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር።

እናቷ አዴ ሉላ ከቤት ወጡ። "ማንም አልሞተም። ልጄ ናት" አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ሴቶቹ ተሳስቀው ሄዱ። አዴ ሉላ ግን አልሳቁም። ገብተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ባላቸው ኩምሳ በምሥራቁ ጦርነት ሲሞቱ መርዶው ለሰፈሩ የተነገረው በዚሁ በጡሩምባ ነበር። ዲንቄ ደግሞ የጀግና ልጅ ናት ተብላ በአሥራ አንድ ዓመቷ ለትምህርት ስትላክ፣ ልጆቹን መኪና ላይ የጫኗቸው የወታደር ባንድ እያስነፉ ነው።

"አባትሽን የነገሩኝ በጡሩምባ። አንቺን የወሰዱብኝም በጡሩምባ" አሉ። "ከእንግዲህ በእኔ ቤት አይነፋ፣ ኢንተላ ኮ።"

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዲንቄ በደሴቱ ላይ ብዙ ቃል ረስታለች፤ ይቺን ግን አልረሳችም። ትራምፔቱን በፎጣ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተችው።

ልጆቿን ባሕር አሻግራ ያስተማረች ሀገር ሲመለሱ ምን አደረገችላቸው? ዲንቄ የኬሚስትሪ ዲፕሎማ ይዛ ነው የመጣችው። የቅጥር ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልብጦ አየና "ይሄ በምን ቋንቋ ነው?" አላት።

"በስፓኒሽ።"

"አስተርጉመሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ ነይ።"

ማን ይተርጉመው? ማንስ ማኅተም ይምታበት? የላካት መንግሥት ወድቋል፤ የመጣው ደግሞ አያውቃትም። ሦስት ዓመት ደጅ ጠናች። ከዚያ ቃሊቲ አንድ ክር ፋብሪካ ገብታ ማሽን ላይ ቆመች። አንድ ኬሚስት አጠገባቸው ቆማ ሁለት እጅ ብቻ ቀጠሩ። ይህን የሚያነብ ሹም ካለ ይፈር።

ፋብሪካው ግን ሳያውቅ አንድ ነገር ሰጣት፤ ጩኸት። በምሳ ሰዓት ከመፍተያው ክፍል ጀርባ ቆማ ብትነፋ፣ ከማሽኑ ድምፅ የተነሳ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመ ዘበኛ አይሰማትም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተለማመደች። ሰሚ የሌለው ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ይለማመዳል ትሉ ይሆናል። ዲንቄን ብትጠይቋት "አፌ እንዳይዘጋ" ነው የምትላችሁ።

አምና ሙህዲን የሚባል፣ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጡረታ የወጣ ሰው፣ አቃቂ ባለው አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ቫዮሊን የሚጫወቱ አስተማሪዎችና ነርሶች ሰበሰበ። ኮንትራባሱን፣ ያንን ሰው የሚያህለውን ቫዮሊን፣ የሚይዘው ወንድዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሙህዲን ክላሲካል ብቻ ነው የተማረው፤ ለእሱ ሙዚቃ ማለት ኖታ ማለት ነው። ዲንቄ ከሥራ መልስ ገብታ ስትነፋ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

"ኖታ ታነቢያለሽ?"

"አነባለሁ። አሁን የነፋሁት ግን አልተጻፈም፤ እዚሁ የመጣልኝን ነው።"

"ያልተጻፈ ነገር ኦርኬስትራ ውስጥ አይገባም፣ እቴ።"

"ሠርግ ቤት ስትጨፍር ወረቀት ይዘህ ነው?"

"እኔ ሠርግ ቤት አልጨፍርም።"

"ያስታውቃል" አለ ወንድዬ፣ ከኮንትራባሱ ኋላ።

ሙህዲን ሊቆጣ ፈልጎ ሳቀ። የማታ ማታ ተስማሙ። እሱ በባቲ ቅኝት፣ ለቫዮሊኖቹ የረጋና የተደራጀ ዜማ ደረሰ። እሷ ደግሞ ከፋብሪካ ሁለት ቦቢን፣ ክር የሚጠቀለልበትን እንጨት፣ ይዛ መጥታ እያጋጨች የኩባን ምት አስተማረቻቸው፦ ሦስት ምት፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ሁለት ምት። ነርሶቹ ሁለት ሳምንት ተሳሳቱ። አንዷ "ይሄ እኮ እንደሚያነክስ ሰው ነው" ብትላት ዲንቄ "አያነክስም፤ ዳሌው ነው" አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ገባቸው። እንግዲህ የክላሲካሉ ሥርዓትና የኩባው ምት በአንድ ወረቀት ላይ ገጠሙ። የቀረው የዲንቄ ነገር ነበር። ሙህዲን በዜማው መሐል አሥራ ስድስት ባር ባዶ ተወላት። ባር የሚሉት ዜማው የሚቆጠርበት ሳጥን ነው። በእነዚያ አሥራ ስድስት ሳጥኖች ውስጥ ሁሉም ዝም ይላል፤ ኮንትራባሱና ቦቢኖቹ ብቻ መንገዱን ይይዙላታል፤ እሷ እንደ ጃዝ ሰዎች የመጣላትን ትነፋለች።

"ከአሥራ ስድስት አንዲት ባር እንዳታልፊ።"

"አላልፍም።"

ኦርኬስትራው ሕዝብ ፊት ለሚቀርብበት እሁድ ሦስት ቀን ሲቀረው ዲንቄ እናቷ ፊት ተቀመጠች። አዴ ሉላ ሰማንያ ደፍነዋል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ልጅ ነው።

"እማ፣ እሁድ አዳራሽ እንሂድ። ሙዚቃ አለ።"

"ማን ይዘፍናል?"

"እኔ እነፋለሁ።"

አዴ ሉላ ቀና ብለው አዩዋት። "ያንን?"

"ያንን።"

"አልጋ ሥር ነው ብለሽኝ አልነበር?"

"ፋብሪካ እየወሰድኩት ነበር፣ እማ።"

"አልጋው ሥር ፎጣው ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ስጠርግ አላይም ብለሽ ነው?" አሉና ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "እመጣለሁ። ካስጠላኝ ግን ተነስቼ እወጣለሁ።"

"ውጪ።"

ይህን ስትል ቀለል አድርጋ ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሠላሳ አራት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ጭብጨባ አይደለም። እናቷ ያንን ድምፅ ሰምተው ሳይወጡ እንዲቀመጡ ነው የምትፈልገው፤ ለዚህ ያላት ደግሞ አሥራ ስድስት ባር ብቻ ነው።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የፊት ወንበሮች ለሹማምንት ተብለው ባዶ ተጠበቁ፤ የሰማንያ ዓመት እናት አራተኛ ረድፍ ተቀመጡ። ዋናው ሹም አንድ ሰዓት አርፍዶ መጣና ስለ ጥበብ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ጥበቡ ከጀርባው ቀስቱን ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

በመጨረሻ ተጀመረ። ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ገቡ፤ ቦቢኖቹ ተከተሉ፤ ወንድዬ ከሥር ያዘ። ዲንቄ ከወንበሯ ተነሳች። ትራምፔቱን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ አየር ሳበች።

ቫዮሊኖቹ ዘለሏት። ባዶውን ቦታ ጥለው በአንድ ላይ ወደ መዝጊያው ዜማ ገቡ። ወንድዬ ሁለት ምት ብቻውን መትቶ ግራ ገባውና ተከተላቸው። የሙህዲን እጅ አየር ላይ ደረቀ፤ ማቆም ነውር መሰለውና እሱም ተከተለ። ዲንቄ የሳበችውን አየር በአፍንጫዋ አውጥታ ተቀመጠች። ዜማው አለቀ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሹሙ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። አዴ ሉላም ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

ያኔ ከመድረኩ ጥግ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ጽሕፈታቸው የሚያምር፣ ለዝግጅቱ ቀን የሁሉንም ኖታ በንጹሕ ወረቀት በእጃቸው የገለበጡ ሰው። በዕድሜያቸው ሰው ፊት ቆመው ተናግረው አያውቁም።

"አንዴ ይቅርታ" አሉ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው እያሳዩ። "ጥፋት አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሊወጣ የተነሳው ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ከዚያ መድረክ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?

"መዝገብ ቤት ባዶ ቦታ አይተውም። ሰው ኋላ መጥቶ ሌላ ነገር እንዳይጽፍበት እናሰምርበታለን። እነዚህን አሥራ ስድስት ባሮች ባዶ ሳያቸው፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ አሰመርኩባቸው። ልጆቹ ሰረዝ ሲያዩ የተሰረዘ መስሏቸው ዘለሉት። ለካ ሙህዲን ባዶ የተወው ሰው እንዲጽፍበት ብሎ ነው።" ወደ ዲንቄ ዞሩ። "ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሙህዲን፣ እባክህ እነዚያን አሥራ ስድስት ባሮች ትጫወት።"

ሹሙ መሄዱም መቆሙም ከበደውና ተቀመጠ። ሙህዲን ለወንድዬ ጣቱን ቀሰረ። ሦስት ምት፣ ትንፋሽ፣ ሁለት ምት።

ዲንቄ ዝቅ አድርጋ ጀመረች። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ የአዴ ሉላ እጅ የነጠላቸውን ጥለት ጨብጦ አየች፤ ሊያዘቀዝቁት። መርዶ የለመደ እጅ ምን ያድርግ? ያሰበችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። በቦታው አንዲት ትንሽ ዜማ መጣች። እሷ ልጅ ሳለች እናቷ ከአቃቂ ወንዝ ውኃ ቀድተው ዳገቱን ሲወጡ፣ ሰው አይሰማኝም ብለው ያንጎራጉሯት የነበረች ናት። ዲንቄ ያቺን ነፋቻት፤ ደግሞም አጠፈቻት፣ በኩባው ምት ላይ አስቀመጠቻት፣ አንዴ ወደ ላይ ወርውራ መልሳ ተቀበለቻት። ሙህዲን ሳያስበው ግራ እጁን አነሳ፤ ያልተጻፈላቸው ቫዮሊኖች አንድ ረጅም ድምፅ ከሥሯ ዘረጉላት። አሥራ ስድስቱ ባር ሃያ አራት ሆነ። ሙህዲን ቆጥሯል፤ አላስቆማትም።

አዴ ሉላ ነጠላቸውን ለቀቁ። አልወጡም።

ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ቤት ሲሄዱ አዴ ሉላ ጠየቋት።

"ያቺን ዜማ ከየት አመጣሻት?"

"ካንቺ።"

"እኔ እንዲያ አልላትም። ቀጥ አድርጌ ነው የምላት።"

"እዚያ ሆኜ እንዳልረሳሽ በየቀኑ እላት ነበር፣ እማ። የሚያጅቡኝ ግን በእነሱ ምት ነው። በዚያው ጠመመች።"

አዴ ሉላ ይህን ሰምተው በመንገዱ ዳር የቆሙትን የጭነት መኪናዎች ያዩ ጀመር። ትንሽ ቆይተው፣ "ጠማማዋም ደኅና ናት" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ዲንቄ ስትነቃ፣ እናቷ ሁለት በርጩማ ግቢ አውጥተው በአንዱ ተቀምጠዋል።

"አምጪው።"

"ጎረቤት ይደነግጣል፣ እማ።"

"ይደንግጥ።"

ፎጣውን ፈትታ ወጣች። ከንፈሯ ገና ደረቅ ስለነበረ የመጀመሪያው ድምፅ ተሰንጥቆ ወጣ። ሁለተኛው ቀና። ዜማዋን ሳታጋምስ የግቢው በር ተንኳኳና አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ እየተቁለጨለጨ ገባች።

አዴ ሉላ ከበርጩማቸው አልተነሱም። "ማንም አልሞተም። ልጄ ናት" አሉ። "ነጠላሽን አስተካክይና ተቀመጪ።"